«ፎርዊል ናት፤ ምን ትሆናለች!»

አዲስ አበባ ላይ ሐምሌ ሲገባ ባለመኪናው ሕዝብ ለሁለት ይከፈላል፤ ፎርዊል ያለው እና ፎርዊል ያለውን የሚያማ። በበጋ ይህ ልዩነት ብዙም አይታወቅም። ላንድክሩዘሩም ትንሿ ቪትዝም አንድ መብራት ላይ ቆመው እኩል ይበሳጫሉ፣ እኩል ጥሩንባ ይነፋሉ። የመጀመሪያው ዶፍ የወረደ ቀን ግን ባለ ፎርዊሉ መቀመጫው ላይ ይደላደላል፤ አንገቱ ይረዝማል፤ አጠገቡ የቆመችውን ትንሽ መኪና ቁልቁል በሐዘኔታ ያያታል። ዓመቱን ሙሉ ለነዳጅና ለጎማ ያፈሰሰው ገንዘብ የሚካሰው በዚያች ሰዓት ነው፤ አይፈረድበትም።

የሚፈረድበት ከዚያ ቀጥሎ በሚናገረው ነው። ከድልድዩ ሥር የተኛውን ቡናማ ውሃ ያየ ተሳፋሪ ቀስ ብሎ «እንዲያው ትንሽ ብንጠብቅ?» ይላል። ሾፌሩ ፈገግ ብሎ ማርሽ ያስገባና «ፎርዊል ናት፤ ምን ትሆናለች!» ይላል። እኔ ይህችን ቃል በሰማሁ ቁጥር እጄ ሳላዘው ወደ በሩ መክፈቻ ይሄዳል።

እስቲ በእርጋታ እንነጋገር። ፎርዊል ማለት የሞተሩ ጉልበት ለሁለት ጎማ ብቻ ሳይሆን ለአራቱም ይደርሳል ማለት ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። ሁለቱ ጭቃ ላይ ሲሾሩ ሌሎቹ መሬት ይቆነጥጣሉ። የጭቃ፣ የአሸዋና የዳገት መድኃኒት ነው። ስለ ውሃ ግን ፎርዊል ቃል የገባው ነገር የለም። ውሃ መኪናን የሚጠይቀው ሌላ ጥያቄ ነው፤ አየር የምትስቢው በየት በኩል ነው? ክብደትሽ ስንት ነው? ወለልሽ ከመሬት ምን ያህል ይርቃል? ስንት ጎማሽ ይዞራል ብሎ የጠየቀ ጎርፍ እስካሁን አልተሰማም።

ሒሳቡ ደግሞ ቀላል ነው። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ አንድ ቶን ይመዝናል። አንዲት ቪትዝ ከላይ ስትታይ የምትሸፍነው ቦታ በግርድፉ 6 ካሬ ሜትር ነው፤ ክብደቷም አንድ ቶን ገደማ። ውሃው ወለሏን አልፎ 10 ሴንቲ ሜትር በወጣ ቁጥር 600 ኪሎ ያህል ከሥር ያነሣታል ማለት ነው። ወለሏ ከአስፋልቱ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው የሚርቀው። እንግዲህ ውሃው 30 ሴንቲ ሜትር አለፍ ሲል ቪትዝ መኪናነቷ አብቅቶ ጀልባነቷ ይጀምራል፤ ያውም መቅዘፊያ የሌላት ጀልባ። ላንድክሩዘሩ ከሁለት ቶን ተኩል በላይ ስለሚመዝንና ቁመናውም ከፍ ስለሚል ይሻላል። የሚሻለው ግን በጥቂት ሴንቲ ሜትር ነው። የአሜሪካ የአየር ሁኔታ አገልግሎት ለሕዝቡ ሲያስጠነቅቅ 30 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ወራጅ ውሃ ትንንሽ መኪኖችን፣ 60 ሴንቲ ሜትሩ ደግሞ ፎርዊልም ሆነ ፒክአፕ ሳይለይ አብዛኛውን መኪና ጠርጎ ሊወስድ ይችላል ይላል። 60 ሴንቲ ሜትር ማለት ከአዋቂ ሰው ጉልበት ትንሽ ከፍ ያለ ነው። ያኔ የባለ ፎርዊሉ አራት ጎማ በሙሉ ጉልበቱ ይዞራል፤ የሚቆነጥጠው መሬት ግን የለም። ሌላው በሁለት ጎማ ሲንሳፈፍ እሱ በአራት ይንሳፈፋል። ልዩነቱ ይኸው ነው።

ይህን ጉዳይ ከእኛ በፊት በቁም ነገር ያሰቡበት ሰዎች ነበሩ። የሠሯቸው መኪኖች የሚያስቁ ናቸው፤ ግን እያንዳንዳቸው አቅማቸውን ያውቁ ነበር።

ለምሳሌ ሲትሮኤን የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ «ዱ ሼቮ ሳሃራ» ብሎ የሠራት አለች። ከ1960 እስከ 1971 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የተሠራችው 694 ብቻ ናት። አራቱንም ጎማ ማዞር አስፈለጋቸው፤ ያንን የሚያደርገውን ከባድ ዘንግ ደግሞ በዚያች ቀላል መኪና ሆድ ሥር ማሳለፍ አልፈለጉም። ምን አደረጉ? ሁለተኛ ሞተር ከኋላ ጨመሩላት! እያንዳንዱ 425 ሲሲ፤ አንዱ የፊቱን፣ አንዱ የኋላውን ጎማ ያዞራል። ሁለት የሞተር ቁልፍ፣ ሁለት የነዳጅ ታንከር፣ አንድ መሪ፣ አንድ የማርሽ እጀታ። አንዱ ሞተር በረሃ መካከል እምቢ ቢል በሌላው ወደ ቤት ይገባል። እኔ እሷን ሳስብ ዓይኔ ላይ የሚመጣው የአልጄሪያ አሸዋ አይደለም፤ የእኛ ሰፈር ጋራዥ ነው። «ጋሼ፣ የምታንኳኳው በፊት ነው በኋላ?» ይላል መካኒኩ። «በሁለቱም።» «እንግዲያው የሁለት መኪና እጅ ዋጋ ነው የምናስበው።»

ወይም ላዳ ኒቫን እንውሰድ። ለብዙ ዓመታት ሰማያዊና ነጭ ለብሳ ታክሲ የሆነችልን የላዳ እህት ናት። በ1977 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከፋብሪካ ስትወጣ አራቱም ጎማዋ ሁልጊዜ ይዞር ነበር፤ «ላስገባው ወይስ ላውጣው?» የሚባል ጭንቀት የላትም። ትርፍ ጎማዋ የሚቀመጠው ኮፈኑ ሥር፣ ሞተሩ ላይ ነው። ስለዚህ ባለ ኒቫ ጎማ ሲፈነዳበት ኮፈን ይከፍታል፤ ኮፈን ሲከፈት ያየ መንገደኛ ሁሉ ሞተር ተበላሸ ብሎ ይሰበሰባል፤ «ካንዴላው ነው»፣ «የለም፣ ቤንዚን አላደረሰም» እያለ ይመክራል። ሰውየው ጎማውን አውጥቶ ቀይሮ እስኪሄድ ድረስ ክርክሩ አያልቅም።

በውሃ የመጡትም አሉ። የእኛ ቮልስ፣ አዲስ አበባ ከነልጅ ልጆቿ አቅፋ የያዘቻት ቮልስዋገን፣ የምትዋኝ ዘመድ ነበራት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጀርመኖች «ሽዊምዋገን» ብለው ከ14 ሺህ በላይ ሠርተዋል። ፎርዊል ናት፤ አካሏ ቀዳዳ የሌለው ገንዳ ነው። ውሃ ዳር ሲደርሱ ከኋላ የታጠፈውን መቅዘፊያ ሽክርክሪት በእጅ ያወርዱታል፤ ከዚያ ሞተሩ ይገፋታል፤ የፊት ጎማዎቿ እንደ መሪ ሆነው ያዞሯታል። ሽክርክሪቱ ወደፊት ብቻ እንጂ ወደኋላ አይሠራም ነበር። ለዚህ መሐንዲሶቹ ያገኙት መፍትሔ መኪናዋ ላይ አንድ የእንጨት መቅዘፊያ ማሰር ነው። ያን ሁሉ የጀርመን ምሕንድስና አሟጥጠው መጨረሻ ላይ «ኋላ ማርሽ ከፈለግህ ቅዘፍ» አሉት ወታደሩን። እንዲህ ዓይነት ትሕትና ደስ ይለኛል።

ጦርነቱ ካለቀ በኋላ «አምፊካር» መጣች፤ ይህችኛዋ ፎርዊል እንኳን አይደለችም፤ የኋላ ጎማዎቿን ብቻ ነው የምታዞረው። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን አንዷን ቴክሳስ በሚገኘው እርሻቸው አስቀምጠው እንግዳ ሲመጣ ይጭኑና ወደ ሐይቁ ቁልቁል ይነዱ ነበር። «ፍሬኑ እምቢ አለኝ!» ብለው ይጮሃሉ፤ እንግዳው ነፍሱን ለፈጣሪው ሲሰጥ መኪናዋ ውሃው ላይ ተንሳፍፋ መዋኘት ትጀምራለች፤ ፕሬዚዳንቱም ይስቃሉ። የእኛ አገር ሾፌሮችም ይህንኑ ያደርጋሉ፤ የሚለያዩት የእኛዎቹ የሚጭኑበት መኪና የማይዋኝ በመሆኑ ነው።

የዘመኑን ካነሣን ቻይናዎቹ ሁሉንም አስንቀዋል። ቢዋይዲ በ2023 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ያወጣው «ያንግዋንግ ዩ8» ለእያንዳንዱ ጎማ የራሱ ኤሌክትሪክ ሞተር አለው። ሦስት ቶን ተኩል ገደማ የሚመዝን ግዙፍ መኪና ነው፤ ውሃ ላይ ግን እስከ 30 ደቂቃ ሊንሳፈፍ፣ ጎማዎቹን እያሽከረከረም ቀስ ብሎ ሊሄድ ይችላል። ጥልቅ ውሃ ውስጥ ሲገባ መስኮቶቹን ራሱ ይዘጋና ጣሪያውን ይከፍታል። ለምን ጣሪያውን? ተሳፋሪው በዚያ እንዲወጣ ነዋ! ኩባንያውም ይህ የመጨረሻ አማራጭ እንጂ የየዕለት መንገድ እንዳልሆነ፣ ከዋኘ በኋላም መኪናው ተመልሶ ወደ ጋራዥ መግባት እንዳለበት ይናገራል። በዓለም ላይ አለ የተባለ ዋናተኛ መኪና እንኳ ውሃ ሲያይ መጀመሪያ የሚያስበው መውጫውን ነው። የእኛው ግን መስኮቱን ዘግቶ፣ ሬዲዮ ከፍቶ፣ በሩን ቆልፎ ይገባል።

ወደ ከተማችን እንመለስ። አዲስ አበባ የተቆረቆረችው ተዳፋት ላይ ነው። እንጦጦ ጫፉ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ አቃቂ 2,100 ሜትር አካባቢ ነው። እንጦጦ ላይ የወረደው ዝናብ የቀበናን፣ የግንፍሌንና የቀጨኔን ወንዞች ሞልቶ፣ በላስቲክ በተደፈነው ቦይ ፋንታ አስፋልቱን መርጦ ቁልቁል ይመጣል። ቆላ ፀሐይ እየሞቀ የቆመ ሰው ሽቅብ ካላየ ምን እንደተላከበት አያውቅም። ድሬዳዋ ይህንን በመራራ መልኩ ነው ያየችው። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ በሌሊት የደቻቱ ወንዝ ከደጋው የተቀበለውን ውሃ ይዞ መጥቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ወሰደ። በጋውን ሙሉ ሰው የሚሻገርበት ደረቅ አሸዋ ነበር። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚሉት አባቶች የሚያወሩት ይህን መሰሉን ነው።

ታዲያ ከፊታችን ያለው ውሃ ምን ያህል ጥልቅ እንደሆነ በምን እናውቃለን? ቡናማ ውሃ ፊቱን እንጂ ሆዱን አያሳይም። በእኔ አስተያየት የከተማዋ ትክክለኛ የጥልቀት መለኪያዎች ሰውን እሽኮኮ ብለው የሚያሻግሩት ልጆች ናቸው። ሱሪያቸውን ሰብስበው ዳር ቆመው «ማዘር፣ ላሻግሮት? ፋዘር፣ በአነስተኛ ዋጋ!» ይላሉ። ውሃው ቁርጭምጭሚት ሲሆን ዋጋው ይወርዳል፤ ጉልበት ሲደርስ ይወጣል። «ዛሬ አንሠራም» ብለው ከተቀመጡ ግን፣ ወንድሜ፣ ላንድክሩዘር አይደለም ታንክ ብትነዳ ወደኋላ ተመለስ። በልምድ የዳበረ ገበያ የተናገረውን ዳሽቦርድህ ላይ ያለው ስክሪን አይነግርህም።

ሁለተኛው መለኪያ ቅርንጫፉ ነው። ክዳኑ የተሰረቀ የፍሳሽ ጉድጓድ ውስጥ አንድ ስሙ የማይታወቅ ደግ ሰው የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ይተክላል። ከውሃው መካከል ቅጠል ብቅ ብሎ ካያችሁ ችግኝ ተከላ ተካሂዶ አይደለም፤ ጉድጓድ ነው። ጉድጓዱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ያለው የመንገዱ ዳር አካባቢ ስለሆነ፣ መሄድ ግድ ከሆነ ከፍ ባለው በመንገዱ መሃል መሄድ ይሻላል። ከፊት የሄደው መኪና ጎማው እስከምን እንደተሸፈነ ማየትም ጥሩ ነው፤ ታዲያ የጭነት መኪናው አይሱዙ ስላለፈ አልፋለሁ ማለት አይደለም። አይሱዙ አፍንጫው ያለበት ቦታ እና የቪትዝ አፍንጫ ያለበት ቦታ ለየቅል ነው።

አፍንጫ ካልን ዘንድ፣ ክረምት ላይ ጋራዦችን የሚያጠግበው ዋናው ነገር እሱ ነው። የነዳጅ ሞተር አየር ይስባል፤ በብዙ ትንንሽ መኪኖች አየር መሳቢያው ከፊት መብራቱ ጀርባ አካባቢ ነው። ሾፌሩ ውሃውን በፍጥነት ሲገባበት ከፊቱ ማዕበል ይነሣና እዚያ ይደርሳል። ሞተሩም አየር መስሎት ውሃ ይጎነጫል። ፒስተን አየርን ይጨምቃል፤ ውሃን ግን ማንም ጨምቆት አያውቅም። ያኔ ሊተጣጠፍ የሚችለው ፒስተኑን የያዘው ዘንግ፣ ቢዬላው ነው። ሞተሩ «ቋ» ብሎ ይቆማል። እስከዚህ ድረስ ምናልባት ገና መትረፊያ አለ። የሚገድለው ሁለተኛው ቁልፍ ነው፤ ሾፌሩ ተናዶ ደግሞ ያስነሣዋል፣ አልነሣ ሲለው ልጆቹን «ግፉልኝ!» ብሎ በግፊ ይሞክራል። አንድ የማውቀው መካኒክ ነሐሴን «የቢዬላ ወር» ነው የሚላት። የዘይት መለኪያ ዘንጉን ይመዝዝና ለደንበኛው ያሳየዋል፤ ዘይቱ ማኪያቶ መስሎ ወጥቷል። «ጋሼ፣ ይኸው ቁርስዎ» ይላል ጨካኙ።

ስለዚህ ውሃ መካከል የቆመ ሞተር አይነካም፤ ተጎትቶ ይወጣል፣ ካንዴላው ተፈትቶ ውሃው ይወጣለታል፣ ዘይቱ ይቀየራል። ፎርዊል ላላቸው ደግሞ ሌላ ነገር አለ፤ ጉልበቱን ለጎማዎች የሚያከፋፍለው ዲፈረንሻል ሲሮጥ ውሎ ከሞቀ በኋላ በድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ ውሃውን በመተንፈሻው ወደ ውስጥ ሊስብ ይችላል። እሱም ማኪያቶ ያፈላል። በሁለት ጎማ የሚነዳው መኪና አንድ ቦታ ሲፈተሽ የባለ ፎርዊሉ የፊትም የኋላም ይፈተሻል። ሳሃራን ሁለት ሞተር አላት ብለን እንዳልሳቅንባት!

«እኔ ስኖርክል አለኝ» የሚለኝም አይጠፋም። ጥሩ ነው፤ ሞተሩ ከጣሪያ ላይ ይተነፍሳል። በሩ፣ ፊውዙ፣ ወንበሩና አንተ ግን ያላችሁት ከታች ነው። አምራቾቹ ራሳቸው ልክ አስቀምጠዋል፤ ለአዲሱ ላንድክሩዘር 70 ሴንቲ ሜትር፣ ለአዲሱ ላንድሮቨር ዲፌንደር 90 ሴንቲ ሜትር ይላሉ። ይህ ደግሞ በዝግታ ለሚሻገሩት ውሃ የተሰጠ ቁጥር ነው፤ ቆሻሻ፣ ድንጋይና የሰው ጫማ እየጠረገ ቁልቁል ለሚጋልብ ጎርፍ አይደለም።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ስለተከለከለ አዲስ ዓይነት ጀግና ደግሞ መጥቶብናል፤ ባለ ኤሌክትሪኩ። «የእኔ አየር አይስብም፤ ቢዬላም የለው» ይላል። እውነቱን ነው። የብዙዎቹ ባትሪ ሣጥን 1 ሜትር ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ተፈትኖ ያለፈ ነው። ነገር ግን የተፈተነው ባትሪው እንጂ መኪናው ሙሉ አይደለም፤ ደግሞም ቢዬላ የሌለው መኪና አይንሳፈፍም ያለ ማን ነው? ከላይ የሠራነው ሒሳብ ስለ ነዳጅ አንድም ቦታ አልጠየቀም። ውሃ ውስጥ ቆይቶ የወጣ ባትሪም ባለሙያ ሳያየው ቻርጅ አይደረግም።

መሻገር የግድ ከሆነ፣ ውሃውም የቆመ እንጂ የሚፈስ ካልሆነ፣ ነገሩ ረጋ ያለ ነው። ቀበቶ ይፈታል፣ መስኮት ዝቅ ይላል፣ አንደኛ ማርሽ ይገባል፣ በሰው እርምጃ ፍጥነት ሳይቆሙና ማርሽ ሳይቀይሩ ይኬዳል። ከፊት ያለው መኪና ሳይወጣ ሁለተኛው አይገባም። ከወጡ በኋላ ፍሬኑን እየነካኩ ማድረቅ ነው፤ የረጠበ ፍሬን ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሜትሮች እንደሌለ ይቆጠራል። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ዘዴ ግን አንድ ካፌ አጠገብ ዳር ይዞ ማቆም ነው። ከተማችን ተዳፋት ናት ብለናል፤ ያ ተዳፋት ጎርፉን በፍጥነት እንዳመጣው በፍጥነት ይወስደዋል። ዝናቡ ካባራ ብዙም ሳይቆይ አስፋልቱ ብቅ ይላል። እዚያው ተቀምጣችሁ ማኪያቶ ብትጠጡ፣ ቢያንስ ከሞተር የወጣ አይደለም።

የባለ ፎርዊሎች ማኅበረሰብ ሆይ፣ አንድ ልመና አለኝ። ልክ ናችሁ፤ ከእኛ ከፍ ትላላችሁ፤ የምታልፉበት ውሃ ሁሉ እኛን አያሳልፈንም። ባለፋችሁ ቁጥር ግን ጎማችሁ የሚያነሣው ማዕበል ዳር ላይ የቆመችውን እናት ነጠላ ጭቃ ያለብሳል፣ ከጎን በቀስታ የምትሄደውን ትንሽ መኪና አፍንጫ ይሞላል። እባካችሁ በሰው እርምጃ እለፉ፤ ከኋላችሁ ቪትዝ አለች።